ሃምሳ አባት በአንድ ሉህ

ጥቅምት 4

ይድረስ ለጋሼ፣ ካሉበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ያ ጉልበትዎ ተሻለዎት ወይስ አሁንም ደረጃ ሲወጡ ያንገራግራል? እኔ ደህና ነኝ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ሰፍቶብኝ ነበር፤ አሁን የሥዕል ጠረጴዛዬን ወደ እሷ ክፍል አስገብቼ ለመድኩት። ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። ከአባቴ ወገን የቀሩኝ እርስዎ ብቻ ነዎትና ይህ ምርቃት ለይስሙላ የተጻፈ አይደለም።

አሁን ወንበር ስበው ይቀመጡ። አባቴ ቴምብር ሊሆን ነው!

ቀልድ እንዳይመስልዎት። የአየር ኃይሉ ሃምሳኛ ዓመት ስለሚከበር መሥሪያ ቤታችን አምስት የጦር አብራሪዎችን የሚዘክሩ አምስት ቴምብሮች እንዲያወጣ ታዟል። የስም ዝርዝሩ ሲመጣ አራተኛው ላይ የአባቴን ስም አየሁና ሻዬን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት። አለቃዬ፣ ያ ሲናደድ የሚስቀው ብዬ የጻፍኩልዎ ሰውዬ፣ «ልጅ አባቷን ስትስል አፍንጫ ታሳምራለች» ብሎ ሥራውን ለሌላ ሰው ሊሰጥብኝ ነበር። ሦስት ቀን ለመንኩት። በአራተኛው ቀን ከት ብሎ ሳቀና ወረቀቱን ወረወረልኝ።

ችግሬ ይህ ነው። አባቴ ሲሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ያለኝ አንድ ጉርድ ፎቶግራፍ ነው፤ ፊቱን ከሱ አወጣለሁ። አውሮፕላኑን ግን አላውቀውም። ከአየር ኃይሉ በመጣው ማኅደሩ ውስጥ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «በወንዙ ከተማ ላይ ግዳጁን ሲፈጽም ተሰዋ» ይላል። እናቴን ስጠይቃት «አጎትሽን ጠይቂ፣ ቦምቡን የሚያስርለት እሱ ነበር» ትለኝ ነበር። እርስዎ ደግሞ በስልክ አባቴን ባነሳሁ ቁጥር መስመሩ ይበላሽብዎታል። ሌላ ሌላ ስናወራ እኮ ድምፅዎ እንደ ደወል ነው። ስለዚህ በደብዳቤ ያዝኩዎት፤ ወረቀት አይቆራረጥም።

አውሮፕላኑ ምን ይመስል እንደነበር፣ ቦምቡ የት የት ይንጠለጠል እንደነበር፣ አባቴ የወደቀበት ቦታም እንዴት ያለ እንደሆነ ይጻፉልኝ። የሌሎቹ አብራሪዎች ሚስቶች በየቀኑ ቢሮ እየመጡ «አገጩ ይህን ያህል አይረዝምም፣ የኔ ባል ነው እኮ!» እያሉ አለቃዬን ያስቁታል። ለአባቴ የሚከራከርለት ሰው እኔና እርስዎ ብቻ ነን።

እርሳስዎ (ስሙን ያወጡልኝ እርስዎ ነዎት፤ ቅጥነቴን ሳይሆን ሥዕል መውደዴን አይተው ነው ብዬ አምናለሁ)


ኅዳር 6

ለወንድሜ ልጅ፣ ለእርሳሴ፤

እንደምን ከርመሻል? የሰማይ አምላክ ከክፉ ይሰውርሽ፣ የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ። እኔ አለሁ። ጉልበቴም አለ፤ ማንገራገሩንም አልተወም። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት አልፎታል። የጎማ ቤቱ ሥራ በዝቶብኝ ነው። በዚህ በሰው አገር ብርዱ ሊገባ ሲል መኪና ያለው ሁሉ የበረዶ ጎማ ሊያስቀይር እኛው በር ላይ ይሰለፋል፤ ማታ ስገባ ጣቶቼ እርሳስ አይዙም።

አውሮፕላኑ አፍንጫው ክፍት ነበር፣ አየር የሚስብበት፤ የበርሜል አፍ አስቢ። ክንፎቹ ወደ ኋላ ቀልበስ ያሉ ናቸው። በያንዳንዱ ክንፍ ሥር ሁለት ሁለት ቦምብ እሰቅል ነበር። ጭራው ላይ በቀይ ቀለም 27 ተብሎ ተጽፎበታል። ሰባቱ ጠማማ ነው፤ ቀለም ቀቢው ሞቅ ብሎት ነበር። አለቆቻችን ይስተካከል ሲሉ አባትሽ «ይቺን ሰባት የነካ እኔን ነካ» ብሎ ከለከለ። ስለዚህ ሰባቱን አጣሚልኝ።

ሳቂታ ሰው ነበር። ሊበር ሲል ኮፍያውን ራሴ ላይ ያጠልቅና «ካልተመለስኩ ያንተ ነው» ይለኛል። ታናሹ ስለሆንኩ ኮፍያው ዓይኔን ይሸፍነኝ ነበር፤ እሱም በዚያ ይስቅ ነበር። እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

የወደቀበትን ቦታ አትሳዪ። ከአውሮፕላኑ በታች ምንም አታድርጊ። ሰማይ በቂው ነው፤ ቢበዛ አንድ ሁለት ደመና ጨምሪበት። ስለ ቦታው እኔም ብዙ አላስታውስም።

ለካፖርት የምትሆን ትንሽ ነገር ልኬልሻለሁ። ብርድ አትድፈሪ።

አጎትሽ


ኅዳር 24

ይድረስ ለውድ ጋሼ፤

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ እየዘለልኩ ነው ያነበብኩት። ሰላምና ጤና ካጠገብዎ አይራቁ። የላኩልኝም ደርሶኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን ካፖርት አለኝ ጋሼ፤ የጠየቅኩዎት ወሬ ነበር።

ሰባቱን አጣምሜዋለሁ! አለቃዬ በማጉያ መነጽር አይቶ «ይህ ስህተት ነው» ሲል «ታሪክ ነው» ብዬ አፉን አስያዝኩት። ቴምብር ላይ ያቺ ሰባት ከጉንዳን እግር አትበልጥም፤ ጠማማነቷ ግን ላየው ሰው ይታያል።

ሰማዩ ነው ያስቸገረኝ። የሌሎቹ አራቱ ከሥራቸው መሬት አላቸው፤ አንዱ ተራራ፣ አንዱ ባሕር፣ አንዱ ግድብ፣ አንዱ ማኮብኮቢያ። የአባቴ ብቻ ባዶ ሰማይ ላይ ሲታይ መስኮት ላይ ያረፈች ዝንብ መሰለ። አለቃዬ አይቶት ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ። እኔም ተናድጄ መዝገብ ቤት ወረድኩና አቧራ ስቅም ውዬ የወንዙን ከተማ የሚያሳይ የድሮ ፖስት ካርድ አገኘሁ። እንዴት ያምራል መሰለዎት! ሰባት ቅስት ያለው የድንጋይ ድልድይ፣ ከማዶው ገበያ፣ የተደረደሩ የቆርቆሮ ጣሪያዎች። አንዱ ጣሪያ ላይ የተለጠፈች እራፊ ቆርቆሮ እንኳ ትታያለች። ሁሉንም አንድ ባንድ አስገባኋቸው። አባቴ ሲከላከልለት የሞተ ከተማ ከሥሩ መታየት አለበት ብዬ ነው።

አሁን ይንገሩኝ። ጠላት የነበረው ከድልድዩ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ? ቦምቦቹስ ለማን ነበሩ? ቢሮ ያሉት ሁሉ የየራሳቸውን ይነግሩኛል፤ አንዱም እዚያ አልነበረም።

ንድፉን በዚህ ፖስታ ውስጥ አድርጌዋለሁ። ታኅሣሥ 15 ቀን ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል። አይሆንም የሚሉት ነገር ካለ ከዚያ በፊት በስልክ አንድ ቃል ይበቃኛል፤ መስመሩ ካልተበላሸ ማለቴ ነው። ድምፅዎን ካልሰማሁ ወደውታል ብዬ እቆጥራለሁ።

እርሳስዎ


ጥር 12

ይድረስ ለጋሼ፤

ደህና ነዎት? የምጠይቀው ለወጉ አይደለም። ታኅሣሥን ሙሉ ስልኩን ሳይ ከረምኩ። ጎረቤቴ «ሰው ቢታመም እኮ ይደውላል» ስትለኝ ይበልጥ ፈራሁ። አምላክ ክፉዎን አያሰማኝ፤ ደህና ሆነው ዝም ብለውኝ ከሆነ ግን ከፍቶኛል።

ታተመ ጋሼ። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ቆሜ ከማሽኑ ሲወጣ አየሁት። ሉሁ ገና ቀለሙ አልደረቀም፣ የጠርዙ ጥርስም አልተበሳም ነበር። በአንድ ሉህ ሃምሳ ቴምብር አለ። አንድ አባት እንኳ በቅጡ ሳላውቅ ኖሬ በአንድ ሉህ ሃምሳ አባት አገኘሁ፤ ሃምሳውም ወደ አንድ በኩል ፈገግ ብለዋል። እንባዬ መጣ። አለቃዬ «ሙጫውን እንዳታርሺብኝ» ብሎ ሉሁን ከእጄ መነጨቀ።

ትልቁን ዜና ለመጨረሻ ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው። የአባቴ ቴምብር የሚመረቀው የካቲት 18 ቀን እዚያው በወንዙ ከተማ ፖስታ ቤት ነው። አለቃዬ ንድፉን አይቶ «ከተማው ቴምብሩ ላይ ካለ ቴምብሩም ከተማው ላይ ይዋል» አለ። ሚኒስትሩ ይመጣሉ፤ የሙዚቃ ጓድ ይመጣል፤ የመጀመሪያውን ቀን ማኅተም የምመታው እኔ ነኝ። ለበዓሉ ቀይ ሹራብ ገዝቻለሁ። ማኅተም ያረፈበትን የመጀመሪያውን ፖስታ ለእርስዎ ነው የምልከው።

ቢያንስ ደህና ነኝ ብለው ይጻፉልኝ።

እርሳስዎ


የካቲት 9

ለወንድሜ ልጅ፤

አምላክ ጥላ ከለላ ይሁንሽ። ቴምብሩ እንኳን ለዚህ በቃ። ዝም ያልኩት ጠልቼሽ አይደለም። ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ሥራ ቦታ አደጋ ደረሰብን። የጭነት መኪና ጎማ እየነፋን ሳለ የቸርኬው ቀለበት ተፈናጥሮ ወጣ። አጠገቤ ቆሞ የነበረውን ባልደረባዬን፣ ዝምተኛው የምንለውን፣ ከአገጩ በላይ ወሰደው። ደሙ ጣሪያው ድረስ ተረጭቶ ነበር። ከሥራ ልብሴ ላይ የለቀምኩት የሰው ጥርስ ነው። የኔም ቀኝ እጅ ተሰበረና ብዕር መያዝ አልቻልኩም።

አንድ ነገር ልለምንሽ። በዓሉ ላይ አትገኚ። ታምሜያለሁ በይ። ሌላ ሰው ማኅተሙን ይምታው፤ ማኅተም ማኅተም ነው። ከተማው ሩቅ ነው፣ መንገዱም መጥፎ ነው። ሌላ ጊዜ አብራራልሻለሁ። እሺ በይኝ።

ትንሽ ነገር ልኬልሻለሁ።

አጎትሽ


መጋቢት 16

ጋሼ፤

መስመሩ ቢጣመም አይፍረዱብኝ። የምጽፈው በአንድ ዓይኔ ነው። ግራው የለም። ሐኪሙ «አወጣነው» ነው ያለኝ፣ ስለ ጥርስ የሚያወራ ይመስል።

አትሂጂ ያሉኝ ደብዳቤ የደረሰኝ በዓሉ ካለፈ በስድስተኛው ቀን ነው። ያነበበችልኝ ነርሷ ናት። «መንገዱም መጥፎ ነው» የሚለው ጋ ስትደርስ እንድታቆም ነገርኳት።

የሆነውን ልንገርዎ። ገበያው ከፖስታ ቤቱ ፊት ለፊት ነው፤ ዕለቱም የገበያ ቀን ነበር። የሙዚቃ ጓዱ ሲመታ አንድ ሰው አላጨበጨበም። በጠቅላላ ቆመው ያዩናል። እኔ ሞኟ ጭምት ሰዎች ናቸው ብዬ ወደድኳቸው። ሚኒስትሩ «ለዚህች ከተማ ሰላም ሲል ደሙን ያፈሰሰ ጀግና» ሲሉ አንድ ሽማግሌ መሬቱ ላይ ተፋ። አለቃዬ ሳቀ።

ከመስኮቱ ኋላ አንድ ሽበታም ቴምብር ሻጭ ነበር። ጥቅሉን ከፍቶ ሉሁን አየና መልሶ ሸፈነው።

«ይህ እዚህ አይሸጥም» አለ በለሆሳስ።

«ትሸጣለህ» አለው አለቃዬ።

ሽበታሙ ወደኔ ዞረ። «ማነው የሳለው እቴ?»

«እኔ ነኝ። አባቴ ነው።»

ዓይኑን ጨፈነ። «ምነው ልጄ» አለኝ። ሉሁን ገለጠው።

መጀመሪያ የገዛችው ገመድ ሻጭ ናት፣ ስድሳ ዓመት የሚሆናት ሴት። ቴምብሩን መዳፏ ላይ አድርጋ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። ሥራዬን በደንብ እንድታይልኝ ብዬ ማጉያ መነጽሬን ሰጠኋት። በገዛ እጄ ነው የሰጠኋት። ብዙ ቆየች። ከዚያ እራፊዋ ያለችበትን ጣሪያ በጥፍሯ ነካች።

«ይቺ የኔ ናት» አለች። «እራፊዋን የለጠፍኩት እኔ ነኝ፣ ታፈስ ነበር። ከሥሯ ሦስት ልጆች ነበሩኝ።»

ቀጥላ ወደ አውሮፕላኑ ሄደች። «ሃያ ሰባት። ሰባቱ ጠማማ።»

መነጽሬን መለሰችልኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ ብላኝ ወጣች። ደጅ ምን እንዳለች አልሰማሁም። ቀጥሎ የሰማሁት የመስኮቱን መስታወት ነው።

ድንጋዩ ከየት ከየት እንደመጣ አላውቅም። የመጀመሪያው የአለቃዬን ግንባር ፈለጠው። ሁለተኛው ዓይኔን አገኘው። ነጭ ብርሃን አየሁ፤ ወዲያው ጉንጬ ላይ ትኩስ ነገር ወረደ፤ እንባ መስሎኝ በእጄ ስጠርገው እጄ ላይ ቀረ። ሰዉ በሩን ገንጥሎ ገባ። አንዱ ፀጉሬን ይዞ «የሱ ልጅ ናት!» እያለ መሬት ለመሬት ጎተተኝ። ሽበታሙ ነክሶ አስለቀቀውና ከባንኮኒው ሥር ገፍትሮኝ ላዬ ላይ ተኛ። ዱላውን ሁሉ ጀርባው ተቀበለልኝ። «ዝም በይ፣ ዝም በይ» ይለኛል በጆሮዬ። ያኔ የሚኒስትሩ ጠባቂዎች ወደ ውስጥ ተኮሱ። አንዱ ጥይት እሱ ላይ ገባ፤ ሲገባ እኔም ተሰማኝ። ትንፋሹ አንገቴ ላይ እያጠረ ሄዶ ቆመ።

ደጅ ሦስት ሰው ሞቷል። ከበሮውን በካራ ቀደዱት፤ ከበሮ መቺውን ሁለት እግሩን ሰበሩት። ሉሆቹን መንገድ ላይ ሰብስበው አነደዷቸው። በቃሬዛ ሲያወጡኝ በቀረኝ ዓይን አየሁ፤ አባቴ ሃምሳ ሃምሳ እየሆነ ይነድ ነበር።

አለቃዬ እዚሁ ሆስፒታል ከጎኔ ክፍል ተኝቷል። ከዚያ ቀን ወዲህ አልሳቀም።

ጋሼ፣ ያውቁ ነበር። አባቴ እዚያ ምን አደረገ? እርስዎስ ምን ያውቃሉ? ገንዘብ እንዳይልኩ። እውነቱን ይላኩ።


ሚያዝያ 3

ልጄ፤

ሰላምታ እየጻፍኩ ስሰርዝ ሦስት ወረቀት አበላሽቼ ተውኩት።

እጄ ተሰብሯል ያልኩሽ ውሸት ነው። ዝምተኛው መሞቱ እውነት ነው፤ እኔን ግን ጭረት አልነካኝም። የሰውየውን ሞት ሰበብ አደረግሁት። ንድፍሽ የደረሰኝ ታኅሣሥ 7 ነው። ድልድዩን አየሁና ፖስታውን መልሼ ዘጋሁት። ስምንት ቀን ነበረኝ። ስልኩም አልጋዬ አጠገብ ነበር።

የዚያን ዕለት ጠዋት አባትሽ አራት ቦምብ ይዞ ወጣ። ገበያው ውስጥ ታጣቂዎች ተደብቀዋል ተብሎ ነበር። እኔ የሬድዮ ክፍሉ በር ላይ ቆሜ እሰማለሁ። «ጣልኩ» አለ። ቀጥሎ «ሰው ነው... ተራ ሰው ነው» አለ። ሬድዮውን እንደገና ሲከፍት ድምፁ ሌላ ሆነ፤ ሳቅ ሳቅ ይለዋል። «ወደ ድልድዩ እየሮጡ ነው፤ ብዙ ናቸው፤ ልጫንና ልመለስ!» አለ። ኳስ ሜዳ ላይ የሚጮህ ልጅ ድምፅ ነበር። የወንድሜን ድምፅ ሳስታውስ የሚመጣብኝ ይኸው ነው፣ ሌላው ሁሉ ጠፍቶብኛል።

ሲያርፍ ሮጬ መሰላሉ ሥር ያዝኩት። ሞተሩ ተበላሽቷል በል አልኩት። ታምሜያለሁ በል አልኩት። «ትእዛዝ ነው» አለኝ። እግሩ ላይ ተጠመጠምኩ። በሽጉጡ እጀታ አፌን መታኝ፤ ሁለት ጥርሴ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ደገመኝ። «ጫን» አለኝ፣ «አለዚያ እዚሁ አስረሽንሃለሁ።» ጫንኩ።

ይህን ለመረዳት ስለ ፊውዝ ማወቅ አለብሽ። ቦምቡን የሚያፈነዳው አፍንጫው ላይ የሚገጠመው ፊውዝ ነው። አውሮፕላኑ ከፍ ብሎ የሚጥል ከሆነ ቦምቡ መሬት እንደነካ ቢፈነዳ ግድ የለም። ዝቅ ብሎ የሚጥል ከሆነ ግን ፍንዳታው ራሱን እንዳያገኘው አሥራ አንድ ሰከንድ የሚቆየውን እንገጥማለን፤ ያኛው ቢጫ ቀለበት አለው። አባትሽ ሁልጊዜ ዝቅ ብሎ ነው የሚጥለው። አብራሪ ከመሳፈሩ በፊት ዞሮ ቀለበቶቹን በዓይኑ አይቶ መፈረም አለበት፤ ደንቡ ነው። አባትሽ አንድ ቀን አይቶ አያውቅም። «ወንድሜ ያሰረውን ምን አያለሁ?» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ይፈርማል። ሌሎቹ አብራሪዎች በዚህ ይቀኑብን ነበር።

የዚያን ዕለትም አፌ ደም እንደሞላ ወረቀቱን ዘረጋሁለት። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «ይቅር በለኝ ወንድሜ» አለኝ። ፈረመ። ያኔ አንድ ቃል ብናገር አይሳፈርም ነበር። አልተናገርኩም። አራቱም ቢጫ ቀለበት የሌላቸው ነበሩ።

ድልድዩ ላይ እንደ ልማዱ ዝቅ ብሎ መጣ። የመጀመሪያው ቦምብ ከድልድዩ በፊት ወንዙ ዳር ወደቀና አውሮፕላኑን ከሥሩ ቀደደው። ሬድዮው ላይ ጩኸት እንኳ አልነበረም። በጠላት ጥይት ተመታ ተባለ። እኔም አዎ አልኩ። ሬሳ ሊለቅሙ የሄዱት የቡትስ ጫማ ውስጥ የቀረ እግር ነው ያመጡት፤ እናትሽ የቀበረችው ያንን ነው።

ድልድዩ ላይ ለነበሩት ብዬ ነው እያልኩ ሃያ ስድስት ዓመት ራሴን ስሸነግል ኖርኩ። ውሸት አይደለም። ግን ጥርሴም ያመኝ ነበር ልጄ። ፊውዙን ሳነሳ የትኛው እንደበለጠብኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በሳምንቱ ድንበር አቋረጥኩ። ዝም ያልኩት አባትሽን እንዳላሳጣሽ ነው ልልሽ ነበር፤ እሱም ግማሹ ነው። ፈርቼ ነው። መኮንኑን የገደለ ወታደር ስንት ዓመት ቢያልፍም የሚጠብቀው ገመድ ነው። አሁን ሕይወቴ ያለው በአንቺ እጅ ነው። ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ አቃጥይው።

አጎትሽ


ግንቦት 8

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ካሁን ወዲያ አንተ ነው የምልህ፤ ልመደው።

አላቃጠልኩትም። ምን እንዳደረግሁት ከሌላ ሰው እንዳትሰማ ራሴ ልንገርህ።

ያቺን ገመድ ሻጭ አስረዋታል። ሰውን አነሳስታ አራት ነፍስ አስጠፍታለች ነው ክሱ፤ አቃቤ ሕጉ ሞት ነው የጠየቀባት። መጀመሪያ የጠሩት ምስክር እኔን ነበር። «ድንጋዩን የወረወረችው ይቺ ናት?» አሉኝ። አላየሁም አልኩ። «የጀግና ልጅ ሆነሽ?» አለኝ አቃቤ ሕጉ። እሷ ተነስታ ስለ ገበያው መናገር ስትጀምር ደግሞ አስቆማት። በመዝገቡ ገበያው ተደብድቦ አያውቅም። በመዝገቡ አባቴ ከጠላት ጋር ሲታኮስ ነው የወደቀው። ሦስቱ ልጆቿ በመዝገቡ አልተወለዱም ማለት ይቀላል። ከተማው ሁሉ ቢመሰክርላት ከተማው ሁሉ ተከሳሽ ነው ይላሉ። ሌላ ወረቀት የያዝኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሁለት ቀን አሰብኩበት። ካንተና ከሷ መምረጥ ነበረብኝ። ደብዳቤህን ለዳኛው ሰጠሁ።

አባቴን ስለገደልክ እንዳይመስልህ። በሱ ልፈርድብህ ሞክሬ አቃተኝ። ይቅር በለኝ ሲልህ ዝም በማለትህ እጠላሃለሁ። ስለ ድልድዩ ሳስብ ደግሞ ያንኑ እጅህን ብስመው ደስ ይለኛል። አባቴንም አሁንም እወደዋለሁ፤ ያ የኳስ ሜዳ ድምፅ ግን ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ አልወጣልኝም፤ አንተ ነህ የሰጠኸኝ። እንዲህ ሆኜ እንዴት እንደምኖር ገና አላውቅም። አንድ ነገር ግን ጠንቅቄ አውቃለሁ። አራት ፊውዝ ለመቀየር ያልተንቀጠቀጠ እጅህ ስልክ ለማንሳት ስምንት ቀን ሙሉ አቃተው። ሽበታሙን ሰው የገደለው አባቴ አይደለም። ከሆስፒታል ወጥቼ ለቅሶ ስደርስ ሚስቱ «ባሌ ከአንቺ ጋር ምን ዝምድና ነበረው?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? አንድ ቃል ከብዶት ዝም ያለ አጎት ነበረኝ፤ ባልሽ በሱ ፈንታ ሞተ ልበላት?

ቴምብሩ ተሰብስቧል፤ የገመድ ሻጯ ፍርድ ገና አልተነበበም። ንድፌን በገዛ እጄ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ስምህ ለድንበር ጠባቂዎች ተላልፏል፤ ያለህበትም አገር አሳልፎ እንዲሰጥህ ተጠይቋል። አልደብቅህም፣ አድራሻህን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። እስኪመጡ ጊዜ አለህ። የምትሸሽ ከሆነ ሽሽ፤ ራስህ መጥተህ የምትቆም ከሆነ ና። ካሁን በኋላ ያንተ ፈንታ ነው።

ዳኛው ደብዳቤህን ጮክ ብለው ሲያነቡት ገመድ ሻጯ አንገቷን ደፍታ ነበር። ወንዙ ዳር የሚለው ጋ ሲደርሱ ቀና አለች። ለካ የዚያን ዕለት የእህቷን ሕፃን ታቅፋ ድልድዩ መሃል ነበረች። አውሮፕላኑ ሲመጣ ሕፃኑን ከሥሯ አድርጋ ተደፍታለች። ቀና ስትል ሰማይ ላይ አልነበረም። እስከ ዛሬ ፈጣሪ ነው ያወረደው ስትል ኖራለች። አንብበው ሲጨርሱ ከተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ወደኔ ዞረች።

«ሰውየው አለ?»

«አለ» አልኳት።

ዳኛው ጸጥታ ብለው ጠረጴዛውን መቱ። አልሰማቻቸውም።

«እንግዲያው ሰላም በይልኝ» አለችኝ። «ገመድ ሻጯ እንዴት ነህ ብላሃለች በይልኝ። ልጆቼ ባይተርፉልኝም እኔና ያ ሕፃን አለን በይው። ዛሬ ሕፃኑ የሁለት ልጆች አባት ነው በይው።»

ይኸው አደረስኩልህ። ሰላምታው የሷ ነው፤ ከኔ የለበትም።

የወንድምህ ልጅ